ነጩ ጣሪያ

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ፣ ዘሊካ በስደት አገር፣ ቡሪ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከእነ ብርቅነሽ ጋር በአንድ ግቢ ትኖር ነበር። ሁለት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ በቅድሚያ የሚሞላ፣ አገሬው ካህረባ የሚለው የመብራት ቆጣሪ። ለወር ብለው የሞሉት ካህረባ ያን ጊዜ በአሥራ ስምንት ቀኑ አለቀ። በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣም ቆመ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡሯ ብርቅነሽ ፍራሿን ከኒም ዛፍ ሥር ዘርግታ ዋለች።

ዘሊካ አርካዊት ሰፈር አንድ ኢንጂነር ቤት ነበር የምትሠራው። በዚያው ሳምንት ከሥራ ስትመለስ ሮጣ ገባች።

«እትዬ ብርቅነሽ! ሰውዬው ጣሪያውን ነጭ አስቀባው፤ ቤቱ ወላሂ በረደ!»

የብርቅነሽ ባል ፍቅርተማርያም ቀለም ቀቢ ነው። ሳቀባት።

«የጣሪያ ቀለም ማን ሊያየው?»

«ፀሐይ ታየዋለች!» አለች ዘሊካ።

ብርቅነሽ አልሳቀችም። «ከየሥራው የተረፈህ ነጭ ቀለም አልጋ ሥር ተደርድሮ የለም እንዴ? ውጣና ቀባ!» አለችው።

ጁምዓ ዕለት፣ ቆርቆሮው ሳይግል ፍቅርተማርያም በማለዳ ጣሪያው ላይ ወጣ። ዘሊካ ጣሳውን በገመድ እየሳበች አቀበለችው። እሱ ሲቀባ እሷ ማቀዝቀዣውን ፈታች። ውሃውን የሚይዘው የጎኑ ገለባ በአቧራና በጨው እንደ ጡብ ደርቋል፤ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም። አውጥታ ጣለችና አዲስ ገለባ ከገበያ አምጥታ ሞላችው። ከዚያ ብርቅነሽ ሁሌ ጥርቅም አድርጋ የምትዘጋውን የጓሮ መስኮት ገርበብ አደረገችው።

«ቅዝቃዜው ይወጣል እኮ!» አለች ብርቅነሽ።

«ሙቁ አየር መውጫ ካላገኘ ቀዝቃዛው በየት ይግባ? ኢንጂነሩ ነው ያለው።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ፍቅርተማርያም አልጋ ላይ ቆሞ ቆርቆሮውን ከውስጥ ነካው። እጁን አላነሳም። «ነይ ንኪው! አያቃጥልም!» እያለ ሚስቱን ጮኾ ጠራት።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሦስቱም ቆጣሪው ፊት ይቆሙ ጀመር። የሚቀጥለውን ወር ሲሞሉ አሥራ ስምንተኛው ቀን አለፈ። ሃያ አምስተኛውም። በሠላሳኛው ቀን ገና ተርፎ ነበር፤ ብርቅነሽ ያን ሰሞን የወለደቻትን ሕፃን ታቅፋ እልል አለች።

እልልታው ሳያበቃ የግቢው ባለቤት ሐጂ አብዱልወሃብ ኪራይ ሊቀበሉ ገቡ። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ማነው ቤቴን ሳያስፈቅድ የቀባው?»

ፍቅርተማርያም ደነገጠ። ከቤቱ ቢያስወጧቸው ከአራስ ጋር የት ይገባሉ? ዘሊካ ግን ቀደመች።

«እኔ ነኝ ሐጂ። ያላ ይግቡና ይፍረዱ።»

ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጥምጣማቸውን ፈቱ።

«ማቀዝቀዣው በኃይለኛው ነው?»

«በትንሹ ነው፣ ሐጂ።»

«የእኔ ቤት ቀንም ሌትም በኃይለኛው ይሠራል፤ እንደ ምድጃ ነው» አሉ ሽማግሌው። ወደ ፍቅርተማርያም ዞሩ። «ነገ መጥተህ የእኔንም ትቀባለህ። ዋጋህን ንገረኝ።»

ዘሊካ ቀድማው የሁለት ሰው ዋጋ ጠራች፤ ቀለሙን እሱ፣ ማቀዝቀዣውን እሷ ስለሚሠሩ። ሐጂ ሳይከራከሩ ተስማሙ።

ክረምቱ ሳያልፍ ዘጠኝ ጣሪያ ነጭ ሆነ። ዘሊካ በአርካዊት የነበራትን ሥራ ተወች፤ ፍቅርተማርያምም መሰላሉን ተሸክሞ ከኋላዋ ሲሄድ ለሚያገኘው ሁሉ፣ «ሙዲሬ እሷ ናት፣ አለቃዬ!» ይል ነበር።