ድንጋይ የሚበላ ባትሪ

ብርሃነሽን ሽቦ የሚበየድበትን ሊድ ማቅለጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መመስገን ፈልጌ አይደለም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ መመስገንም ፈልጌ ነው።

ፅጌ እባላለሁ። ሦስት ልጆች አሳድጌ ሁሉም ራሳቸውን ችለዋል፣ ጌታ ይመስገን። የባትሪ ነገር የጀመረኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ልጄ ማርቆስ መብራት ሲጠፋ እንዳልቸገር ብሎ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ገዛልኝ፤ በሁለተኛው ቀን አልበራም አለ። ልጥለው ስል እልህ ያዘኝና በሽንኩርት ቢላዬ ፈለቀቅሁት። ውስጡ አንዲት ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ተነቅላ ተንጠልጥላለች። "ይህን ሁሉ ያደረግሽው አንቺ ነሽ?" አልኳት። ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ጋ ወስጄ ሲበይዳት ከጎኑ ቆሜ አየሁ። በሳምንቱ የራሴን የመበየጃ ካውያ ገዛሁ። ባለቤቴ ደምሴ፣ "ሴትዮ፣ ጡረታ የወጣሁት እኔ፣ ሥራ የጀመርሽው አንቺ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ባትሪ አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ሌላዋ ሴት ሳህን ትሰበስባለች፣ እኔ ባትሪ እፈታለሁ። አምፖሉን እቀይራለሁ፣ ማብሪያውን አጠብቃለሁ፣ ውሃ እንዳይገባው ጎማ አደርግበታለሁ። ሴቷ ልጄ ሮሆቦት ይህን አይታ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተችልኝ። አዲስ ባትሪ ገበያ ላይ ሲወጣ ወይም ሰው የራሱን አሻሽሎ ሲያመጣ እሞክረውና ቅዳሜ ቅዳሜ በድምፄ እናገራለሁ። አራት መቶ ምናምን ሰው ይሰማኛል። ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚያጸዱት አሉ፣ ጋራዥ የሚሠሩ አሉ፣ ነርሶችም፣ ጥበቃዎችም አሉ። "እትዬ ፅጌ ካሉ አለቀ" ይላሉ።

አሞካከሬ ቀላል ነው። ከጠረጴዛ ላይ ሲሚንቶ ላይ እጥለዋለሁ። ባልዲ ውስጥ እነክረዋለሁ። ከዚያ መስኮት የሌለው እቃ ቤቴ ውስጥ አበራውና የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ከሁለት እርምጃ ማንበብ እስኪያቅተኝ ድረስ ስንት ሰዓት እንደቆየ እጽፋለሁ። ዋናው ግን ድንጋዩ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያመነ ጉድ ሆነ። ስለዚህ አንድ ደህና ድንጋይ መርጬ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁት። እንዳላዳላ ሁሉንም ባትሪ የምሞክረው በእሱ ብቻ ነው፤ ግሩፑም ይህን ያውቃል። እኔ ራሴ ያሻሻልኩት ባትሪ በቀዩ ድንጋይ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሄዷል። የደረሰበት አልነበረም።

ብርሃነሽ መሃል ከተማ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላት። ከማርቆስ ጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። አንድ ቀን የባትሪ ክዳን የሚሆነኝ ብልቃጥ ስመርጥ አየችኝና፣ "እትዬ፣ እኔንም ያስተምሩኝ" አለች። ሦስት ወር ሙሉ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እየመጣች ተማረች። እኔም "ጎበዝ! ጎበዝ!" እላት ነበር። ከኋላ ያለን ሰው ማመስገን ምን ይከብዳል?

አንድ ሐሙስ ራሷ የሠራችውን የግንባር ባትሪ ይዛ መጣች። "እትዬ፣ ይሞክሩልኝና የሚሉትን ለግሩፑ ይበሉ" ብላ ሰጥታኝ ሄደች። ማሰሪያው ከአሮጌ ቦርሳ የተቆረጠ ለስላሳ ነው። ከአምፖሉ ጀርባ ሙቀቱን የሚስብ ስስ መዳብ አስቀምጣለች። ከፊቱ ደግሞ ከእርጎ ዕቃ ክዳን የተቆረጠ ክብ ነገር አለ። በልቤ ስቄበት አበራሁት። እቃ ቤቴ ሳሎን መሰለ። ዓይን አይወጋም፤ ጥግ ያለው የማዳበሪያ ከረጢት ስፌት ሳይቀር ይታያል። የእኔ ባትሪ ግድግዳው ላይ ሳህን የሚያክል ክብ ይሠራል፣ ከክቡ ውጭ ግን ጨለማ ነው።

ደምሴ አንስቶ ራሱ ላይ አሰረና ጋዜጣውን ዘረጋ። "ፅጌ፣ ይሄማ ልዩ ነው!" አለ። ለእኔ ባትሪ አራት ዓመት ሙሉ "ደህና ነው" ከማለት አልፎ አያውቅም።

ሮሆቦትም መጣች። "እማዬ፣ አትቀየሚኝና ካንቺ ይሻላል።"

"ለምን እቀየማለሁ?" አልኩ። ተቀይሜያለሁ።

ዓርብ ጠዋት ቀዩን ድንጋይ አስገብቼ ከረጢቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሄደ። አራት ሰዓት ሄደ። አራት ከአሥር ሊሞላ ሲል ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ሰው ለታመመ ይጸልያል፣ ለልጁ ይጸልያል። እኔ እቃ ቤት ቁጭ ብዬ ባትሪ እንዲጠፋ ጸለይኩ። አልጠፋም። አምስት ሰዓት ከሃያ ሄደ።

ከማርቆስ አሮጌ ላፕቶፕ ያወጣሁት አንድ የደከመ ድንጋይ ነበረኝ፣ ልጥለው ያስቀመጥኩት። እያወቅሁ እሱን አስገባሁት። በእሱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሄደ። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድጄ ሁለተኛውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ቅዳሜ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ "የብርሃነሽ ባትሪ ያምራል። ብርሃኑም ደህና ነው። ግን ድንጋይ ይበላል። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ብቻ ነው የሄደው። ለሥራ አልመክርም።"

ኤሌክትሪክ የሚሠራው ኑሪ ወዲያው፣ "ብርሃነሽ፣ ባትሪሽ ከእኔ የባሰ ሆዳም ነው!" ብሎ ጻፈ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ስምንት ዓሣ አጽጂዎች እንድትሠራላቸው ጠይቀዋት ነበር፤ "በቃ ይቅርብን" አሉ። እሷ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ "አመሰግናለሁ እትዬ፣ አስተካክለዋለሁ።"

ያን ቀን ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ረቡዕ በሴቶች የጸሎት ኅብረት ላይም ጮክ ብዬ ጸለይኩ፤ ቃሉ እንደ ውሃ ነው የፈሰሰልኝ። በኋላ ሳስበው ከሁሉ ያስፈራኝ ይኼ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ብርሃነሽ መጣች። ባትሪው ተፈታትቶ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ሁለት ጣቶቿ በፕላስተር ታሽገዋል።

"እጅሽን ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ካውያው ነው እትዬ። ሰባት ጊዜ ፈታሁት። ድንጋዩን የሚበላበት ቦታ አልገኝ አለኝ። በመጨረሻ አምፖሉን አቃጠልኩት።"

"በራስሽ ድንጋይ አልሞከርሽውም?"

"ሞከርኩት እንጂ! በእኔ አምስት ሰዓት ይሄዳል።" ሳቀች። "መቼም የእኔ ሰዓት አያያዝ ይሆናል የተበላሸው። እርስዎ አንድ ከሃምሳ ካሉ አንድ ከሃምሳ ነው። እስቲ ይዩልኝ።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። "ተይውና ነገ ነይ" አልኳት።

ስትሄድ ቴስተሬን አውጥቼ አንድ በአንድ ለካሁት። ከተቃጠለው አምፖል በቀር ምንም ነውር የለውም። እንዲያውም ብየዳዋ ከእኔ ይጠራል። ለራሴ ያስቀመጥኩትን አምፖል ገጠምኩለት። ሰኞ ጠዋት በቀዩ ድንጋይ አበራሁት፤ አምስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ሄደ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ አስተካከልኩት እላለሁ። እሷም ባትሪዋን ታገኛለች፣ እኔም ስሜን። ማንም አይጎዳም። ለግሩፑ የምለውን ሳይቀር በልቤ አዘጋጀሁ።

ሰኞ ሱቋን ዘግታ መጣች። ደምሴና ሮሆቦትም ሳሎን ነበሩ።

"አስተካከልኩት" አልኳት። "አምስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት።"

ብድግ ብላ ትከሻዬን ሳመች። ደምሴም ጋዜጣውን አስቀምጦ፣ "የእኔ ሴት! ይሄ እኮ ሙያ ነው!" አለ። አራት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ብርሃነሽ ከቦርሳዋ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣች። "ምኑ ነበር እትዬ? ልጻፈው። ከሱቄ አጠገብ ያለችው ሙንተሃ አስተምሪኝ ብላኛለች፣ እሷንም እንዳላሳስታት።"

"ሽቦው..." አልኩ።

"ሽቦው" ብላ ጻፈች። አንገቷን ቀና አድርጋ ጠበቀች። "ቀጥኖ ነው? ወይስ አያያዜ ነው?"

የጻፈችውን አየሁ። እስክሪብቶውን በተጠቀለለው ጣቷ ስለያዘችው ፊደሉ ጠሟል። ይህች ልጅ ነገ የሌለ ጥፋት ለሌላ ሰው ልታስተምር ነው። ሙንተሃም ለሌላ።

"ሰርዢው" አልኳት።

"እ?"

"ሰርዢው ልጄ። ምንም አልነበረውም። ቀድሞም በቀዩ ድንጋይ አምስት ሰዓት ከሃያ ሄዷል። አንድ ከሃምሳው በሞተ ድንጋይ ነው። አውቄ ነው ያስገባሁት።"

ደምሴ መነጽሩን አወለቀ። ሮሆቦት "እማዬ!" አለች።

ብርሃነሽ ግን ቶሎ አልገባትም። "ለምን እትዬ?"

"ከእኔ ስለበለጠ።"

ደብተሯን ዘጋች። ጣቶቿን አየቻቸው። "ሰባት ጊዜ ፈታሁት እኮ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"አያውቁም።" ባትሪውን አንስታ ወጣች። ሻይዋን አልነካችውም።

ሮሆቦት በሩን ዘግታ ተመለሰች። ከዚያ ደምሴ፣ "ለግሩፑም ትነግሪያለሽ" አለኝ።

"ቅዳሜ እነግራለሁ።"

"ስትዋሺ ቅዳሜን ጠበቅሽ። ለእውነቱም ቅዳሜን ልትጠብቂ ነው?"

ሮሆቦት ስልኩን ያዘችልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቆምኩ። አንደኛው ላይ ድንጋይ ተቀላቅሎብኝ ነው ልል ነበር። በአራተኛው እንዲህ አልኩ፦ "ፅጌ ነኝ። ስለ ብርሃነሽ ባትሪ ያልኳችሁ ውሸት ነው። በቀዩ ድንጋይ አልነበረም። እንዳይበልጠኝ ብዬ ነው። እውነተኛው አምስት ሰዓት ከሃያ ነው። እስከ ዛሬ ከሞከርኳቸው ሁሉ ይበልጣል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እናንተም።"

አሥራ አንድ ሰው ከግሩፑ ወጣ። ቆጥሬያለሁ። አንዱ "ታዲያ እኔ እርስዎን አምኜ የገዛሁት ባትሪስ?" ብሎ ጠየቀ፤ እሱንም በእውነት ነው የሞከርኩት ብል ማን ያምነኛል? ኑሪ ብቻ፣ "እትዬ፣ እኛ ቅናታችንን ይዘን እንቀበራለን፣ እርስዎ በማይክ ተናገሩት" አለ። ማሾፉ ይሁን ማክበሩ አልገባኝም።

የብርሃነሽ ድምፅ ማክሰኞ ግሩፑ ላይ መጣ። "ሰምቻለሁ እትዬ። ይቅርታውን እሰጣለሁ፣ ዛሬ ግን አይደለም። ከእንግዲህ ሙከራው የሚደረገው እኔ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ሰው እያየ። ቀዩን ድንጋይ ይዘው ይምጡ።" ሁሉም ተስማሙ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ቅዳሜ ሄድኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደች ጥግ አዘጋጅታለች። ለስምንቱ ዓሣ አጽጂዎች የተሠሩት ባትሪዎች በምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። የሚመጣው ሰው ሁሉ "ብርሃነሽ የታለች?" ይላል። እኔን ደግሞ "እናቷ ነዎት?" የሚል አለ። ሙንተሃ አጠገቧ ሆና ሊድ ማቅለጥ ትማራለች፤ ብርሃነሽ "ጎበዝ! ጎበዝ!" ስትላት እንደገና ቀናሁ። ጌታ ሆይ፣ ይህን ልብ ውሰድልኝ አልኩ። እስከዚህ ሰዓት አልወሰደውም።

የሚሞከረው ብርሃነሽ አዲስ የሠራችው ነው። እኔ ከጨርቁ ውስጥ ቆሜ ካርቶኑን አነባለሁ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ደራ፤ እሷ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ባልዲ ትከራከራለች፣ ሙንተሃ ዕቃ ታወርዳለች፣ ሰዓቱን የሚያይ ከእኔ በቀር ማንም የለም። አምስት ሰዓት ሄደ ብል ያው አምስት ነው። ጽሑፉ ጠፋብኝ። ሰዓቴን አየሁ።

"ስድስት ሰዓት ከአሥር!" ብዬ በጨርቁ ውስጥ ሆኜ ጮህኩ። አፌ መረረኝ።

ብርሃነሽ ደንበኛውን ትታ መጣች። "እርግጠኛ ነዎት?"

ሰዓቱን፣ ወረቀቱን፣ ድንጋዩንም አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላት። አንድ በአንድ አየች። ድንጋዩን እያገላበጠች ቆየች። ከዚያ ከተደረደሩት የፕላስቲክ በርጩማዎች አንዱን መዘዘችና በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው።

"ይቀመጡ እንግዲህ" አለች። "ቆመው ነው የዋሉት።"