የተጣሉበት ታችፓድ

ቦንጋ ባለው ቢሯችን ሁለት ሰው በአንድ ላፕቶፕ ይሠራል፤ ጠዋት አብዮት፣ ከሰዓት በዛወርቅ። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንኩበት እኔ ነኝ፤ ጣጣው ሁሉ የኔ ነው።

አብዮት በታችፓዱ፣ በማውስ ፈንታ በጣት በሚነዳው የላፕቶፑ ሰሌዳ ላይ፣ ሁለት ጣቱን ወደ ላይ ሲገፋ ገጹም ወደ ላይ እንዲሄድለት ይፈልጋል። በዛወርቅ ደግሞ ወደ ታች ካልሄደ ያዞረኛል ትላለች። ጠዋት እሱ ይቀይራል፣ ከሰዓት እሷ ትመልሳለች። እንዲህ እያሉ ሰላምታ አቆሙ። ለየብቻ ላስተካክልላችሁ ብል ሁለቱም ተቆጡኝ፤ ነገሩ የክብር ሆኗል።

ኃላፊያችን ጋሽ ቢሻው ሽማግሌ አስጠሩ። የመጡት ጋሽ ወልደ ማርያም የወሰን ክርክር በመዳኘት የታወቁ ናቸው፤ ላፕቶፕ ግን ነክተው አያውቁም። ግራ ቀኙን ሰሙ፣ ታችፓዱን በስንዝር ለኩ፣ ፈረዱ።

«የተጣሉበት መሬት አይታረስም። እስክትታረቁ ማንም አይንካው።»

ሽማግሌ ያለውን ማን ይሽራል? ታችፓዱን ዘጋሁት። የቢሮው አንድ ለእናቱ ማውስ ደግሞ ለመስክ ሥራ ዋጫ ከተማ ሄዷል።

በማግስቱ ከሰዓት በዛወርቅ እንባዋን እየጠረገች መጣች። ወደ ደሴ ለመዛወር የምትሞላው የኢንተርኔት ምዝገባ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በስልኳ ሞክራ አልከፍት ብሏታል። ልጇ ደሴ እናቷ ዘንድ ነው የሚያድገው። ባለፈው ስትደውል «እትዬ» ብሎ ጠራት።

ጋሽ ወልደ ማርያም ጋ ደወልኩ። ሺሺንዳ ለቅሶ ላይ ናቸው።

«አሁኑኑ ይታረቁና ልክፈተው?»

«በስልክ ዕርቅ የለም!» ብለው ዘጉብኝ።

ንድድ አለኝ። መዳፍ በማታክል ቦታ እናት ከልጇ ትለያይ?

ያኔ አብዮት ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ዓይኗን አላየም።

«ኪቦርዱ አልተከሰሰም» አለ።

ታብ የሚባለውን ቁልፍ እየተጫነ ከሳጥን ወደ ሳጥን ያሻግራታል፣ እሷ ትጽፋለች። እንዲህ እያሉ «ላክ» የሚለው ላይ ደረሱ። እዚያ ሲደርሱ እጁን አነሳ።

«ኢንተሩን አንቺ ተጫኚው።»

ተጫነችው።

ሽማግሌው ሲመለሱ አብዮትና በዛወርቅ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ታችፓዱም ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ዝውውሩ ተፈቀደላትና ሄደች።

አሁን ላፕቶፑ የአብዮት ብቻ ነው። ትናንት ከሰዓት ከትከሻው ኋላ ቆሜ አየሁት፤ ጣቱ ወደ ላይ፣ ገጹ ወደ ታች። ግራ እየተጋባ ይሠራል።

«ምነው፣ ያንተው ሆኖልህ አትቀይረውም?» አልኩት።

«ጠዋት ጠዋት እቀይረዋለሁ» አለ፣ ከገጹ ቀና ሳይል። «ከሰዓት የሚመልሰው ስላጣሁ ራሴ እመልሰዋለሁ።»