ፀጉር አስተካካዩ ጀልባ ገዛ

ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ዕቃ ሲገዛ ላስቲኩን አያነሳም። ሱቁ ውስጥ መስታወቱ ፊት የቆሙት ሁለት ወንበሮች ከተገዙ ስድስት ዓመት ቢሞላቸውም ዛሬም ደንበኛ ሲቀመጥባቸው ይንኮሻኮሻሉ። ሙቀት በሆነ ቀን ደንበኛው ሱሪውን ከወንበሩ እያላቀቀ ነው የሚነሳው። «ዕቃ በክብር ነው የሚያዘው» ይላል ባለቤቱ። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ሚስቱ ይህን አባባል ሠላሳ ዓመት ሰምታዋለች።

እንግዲህ ይህ ሰው በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ጀልባ ገዛ። ዕድሜ ልኩን የሰው ጭንቅላት ብቻ ሲያይ ኖሮ ሐይቅ አማረው። የገዛት አራት ሰው የምትይዝ፣ ባለሞተር፣ ነጭ ቀለም የተቀባች ትንሽ ጀልባ ናት። የቸገረው ሚስቱን ማሳመን ነበር። እሷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟን ውሃ ወስዶባታል፤ ከዚያ ወዲህ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ውሃ ነክቷት አያውቅም። ለመናት፣ ተለማመጣት፣ አኮረፋት።

በመጨረሻ «አንድ ቀን አብሬህ እወጣለሁ» አለችው። «ስንመለስ ይቅርብኝ ካልኩህ ግን ትሸጣታለህ። አንተ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ነፍሴ አትንጠልጠል።»

ማለላት። ሰውየው የፈለገው ሐይቁን ብቻ አልነበረም፤ ሐይቁን ከእሷ ጋር ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጀልባ ማቆሚያው ሲወርዱ ምኞቱ ሁሉ በሁለት ሰዓት ጉዞ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ማቆሚያውን የምትጠብቀው ስድሳ ዓመት ያለፋት ቀጭን ሴት ናት። ፊት ለፊት እትዬ፣ ከጀርባዋ ፊሽካ ይሏታል፤ ያ ነገር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅምና። እሷ ሳትፈቅድ ከዚያ ማቆሚያ ገመድ የሚፈታ ወንድ አልተወለደም።

«የመንሳፈፊያ ጃኬት አላችሁ?» አለች።

«አለን እትዬ! አንደኛ የሆነ!» ከጀልባዋ ፊት ያለውን ሳጥን በኩራት መታ መታ አደረገው። ሳጥኑ ተቆልፏል።

«በል እንግዲህ፣ አሁን ውሃ ውስጥ ወድቀሃል። አውጣና ልበስ።»

ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ ከቤቱ ቁልፍና ከሱቁ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ታስሯል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሳጥኑ ተከፈተ። ጃኬቶቹ ከነላስቲካቸው ናቸው፤ ላስቲኩም በሲባጎ ተጠፍሯል።

እትዬ ሰዓቷን እያየች ነበር። «አንድ ደቂቃ ተኩል። ነፍስህን ይማር» አለችው። «ይሄማ ላም አለኝ በሰማይ ነው!» ሚስቱ ሳቋ አመለጣት።

እትዬ ቢላዋ አውጥታ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ሸረከተችው፤ የሰውየው ሆድ አብሮ ተሸረከተ። ከዚያ ጃኬቱን አልብሳ ትከሻው ላይ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። ጃኬቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ፊቱንም ዋጠው።

«ለምን ሰፊ ገዛህ?»

«ምናልባት ብወፍር ብዬ ነው» አለ ከጃኬቱ ውስጥ።

«ውሃው እስክትወፍር አይጠብቅህም።» ከመጋዘኗ ልክ የሚሆናቸውን ሁለት አምጥታ ማሰሪያውን ሁሉ ራሷ አጠበቀችላቸው።

ከዚያ ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረች። መቅዘፊያ አለ ወይ፣ ውሃ መቅጃ ጣሳ አለ ወይ፣ እሳት ማጥፊያው የት ነው። ስልካቸውን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አስገባች፤ «ላስቲክ ከወደድክ እዚህ ላይ ውደድ» አለችው። አንድ ጫፉ ሞተሩ ላይ የተሰካ ቀይ ገመድ ነበር፤ ሌላውን ጫፍ እጁ ላይ አሰረችለት፤ ነጂው ከወደቀ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። «ጀልባ ውስጥ አይቆምም» አለች ደግሞ። ሰውየው «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» ይላል፤ ልቡ ግን ሐይቁ መሃል ደርሷል።

ሚስቱ ግን የመድኃኒት ማዘዣ እንደምታነብ ሆና ነበር የምታዳምጠው። «ቢወድቅ እጄን ልስጠው?»

«እንዳትሰጪው! ይዞሽ ይገባል። ገመድ ወርውሪለት። ከጎን አይውጣ፣ ትገለበጣላችሁ፤ በኋላ በኩል ይውጣ። ስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ?»

«እንግዲህ እንደ ሐይቁ ሁኔታ...» ሲል ባልየው ጀመረ።

«ሐይቁን አልጠየቅኩም።»

«አምስት ሰዓት» አለች ሚስቱ።

እትዬ ሰሌዳዋ ላይ ጻፈችው። «አምስት ከሩብ ላይ ካላየኋችሁ ፈልጌ እመጣለሁ።»

ሐይቁ ያን ቀን ጸጥ ብሎ ነበር። ሚስቱ መጀመሪያ መቀመጫውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር፤ ኋላ አንዱን እጇን ለቀቀች፤ ከዚያም ሁለቱንም። አንዲት ነጭ ወፍ ውሃውን እየነካች ስታልፍ ፈገግ አለች። ፀጉር አስተካካዩ ከደስታው ብዛት የሚያደርገውን አጣ። መቼም ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። መመለሻቸው ተቃርቦ ሳለ ነፋስ መጣና አዲሱን ኮፍያውን አነሳበት። ሰውየውም ኮፍያውን ሊይዝ ተነስቶ ቆመ።

ሲወድቅ አልታወቀውም። ቅዝቃዜው ትንፋሹን ቀማው፤ ግን ጃኬቱ መልሶ ወደ ላይ ተፋው። ቀይ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ጸጥ ብሏል። ባይታሰር ኖሮ ጀልባዋ ሚስቱን ብቻዋን ይዛ ትሄድ ነበር። ይህ ሲገባው ከውሃው ይልቅ ሐሳቡ አንቀጠቀጠው።

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም።

«አትንፈራገጥ! መጀመሪያ ተንፍስ!» አለችው። ድምፅዋ ፋርማሲ ውስጥ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» የምትልበት ድምፅ ነው። እጁን ዘረጋላት፤ እጇን አልሰጠችውም። ተቀምጣ እንዳለች ገመዱን ወረወረች፤ አጠረ። ሰብስባ እንደገና ወረወረች፤ ደረቱ ላይ አረፈለት። የጀልባዋን ጎን ሊይዝ ሲል «በኋላ በኩል ዙር!» ብላ አምባረቀችበት። ዞረ። የገመዱን ጫፍ ቋጥራ እግሩን የሚያሳርፍበት ቀለበት ሠራችለት፤ ረግጦ ወጣና ጀልባዋ ወለል ላይ ተዘረጋ። ውሃ እየተፋ ቀና ብሎ አያት። ሠላሳ ዓመት አብሯት ኖሮ እንዲህ ያለች ጀግና ቤቱ እንዳለች አለማወቁ ገረመው።

ቀዩን ገመድ መልሰው ቢሰኩትም ሞተሩ አልነሳ አለ። ሰውየው በብርድ ይንቀጠቀጣልና መቅዘፊያውን እሷ ያዘች። መጀመሪያ ጀልባዋ ዞረችባት፤ ኋላ ግን ለመደችው። አምስት ሰዓት አለፈ። ሩብ አለፈ። አንዲት ጀልባ ከማቆሚያው በኩል ውሃውን እየሰነጠቀች በቀጥታ ወደ እነሱ መጣች፤ እትዬ ፊሽካ ነበረች።

ያን ጊዜ ሚስቱ መቅዘፊያውን ለቀቀችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ይቅር በይኝ» አለ ሰውየው። «እሸጣታለሁ። ሰኞ እሸጣታለሁ።»

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። «ወንድሜን ስንት ሰዓት ትመለሳለህ ብሎ የጠየቀው የለም» አለች። «ጓደኛው ጋ አድሮ ይሆናል ብለን ራቱን ከድነን ሁለት ቀን አስቀመጥንለት። ሁለት ቀን! ፈልጎት የሄደ ሰው አልነበረም። ይቺ ሴትዮ አታውቀንም፤ ሩብ ሰዓት ብንዘገይ መጣች።»

ሰውየው ስለዚያ ራት ሰምቶ አያውቅም ነበር። እርጥብ እጁን እጇ ላይ አደረገ፤ እሷም አልሸሸችም።

እትዬ ደርሳ ገመድ ስትወረውርላቸው ሚስቱ ቀለበችው። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና «የሚመጣው ቅዳሜም እንመጣለን» አለችው። «ሞተሩን ግን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«እሺ» አላት። በሠላሳ ዓመት ትዳሩ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት እሺ ብሎ አያውቅም።