ፖዝ ያደረግኩት ቀሚስ

ኤምፒ ፎሬን የገዛሁ ቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም። ቀይ ናት፤ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ነው የምትበልጠው፤ ግን ዘፈን ትዘፍናለች፣ ክሊፕ ታሳያለች፣ ፎቶ ሳይቀር ትይዛለች። አብነት ሰፈር ባለው የልብስ ስፌት ቤታችን ከምንሠራው ሁሉ የመጀመሪያዋ ባለ ኤምፒ ፎር እኔ ወይንሀረግ ነበርኩ፤ ይህን ደግሞ ማንም እንዲረሳው አልፈቀድኩም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ ፔዳሉን ስረግጥ "ወይኒ፣ ኧረ ስሚ" እያሉ ይጠሩኛል፤ እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ እሆናለሁ። አዎ፣ ጉረኛ ነኝ። በራሴ ላብ ገዝቼ ካልጎረርኩ መቼ ልጎርር ነው?

ያሳበደኝ ግን ዘፈኑ አይደለም። ፖዝ ነው።

ላስረዳ። በዚያን ጊዜ፣ ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ ማለቴ ነው፣ አዲስ ክሊፕ ወጣ ማለት ለእኛ ለልብስ ሰፊዎች ሥራ መጣ ማለት ነበር። ዘፋኟ የለበሰችውን የሀበሻ ቀሚስ ያየች ሴት ሁሉ በማግስቱ ጨርቋን ይዛ ትመጣና "እንደዚያ ክሊፕ አድርጋችሁ ስፉልኝ" ትላለች። እኛም ቴሌቪዥን ያለው ካፌ ፈልገን፣ አንድ ማኪያቶ ለሁለት ይዘን፣ እርሳስና ወረቀት አዘጋጅተን እንጠብቃለን። ክሊፑ ይመጣል። ደረቷ ላይ ያለውን ጥልፍ አይቼ ወደ ታች ልወርድ ስል ካሜራው ፊቷ ላይ ይሄዳል። ፊቷን ምን ላድርገው? ፊት አልሰፋ። ከዚያ ፈረስ ይመጣል፣ ተራራ ይመጣል፣ አንዱ ጎረምሳ ትከሻውን ይሰብቃል፣ እኔ እርሳሴን ይዤ እበግናለሁ። የቀረውን በግምት እንሠራዋለን። ደንበኛዋ ትመጣና "ይሄማ አይደለም" ትላለች፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

አሁን ግን ፖዝ የምትባለዋን አንዲት ቁልፍ ስጫን ዘፋኟ እግሯን እንዳነሳች ቀጥ ትላለች። እስኪበቃኝ አያታለሁ። አበቦቹን ቆጥሬ፣ የክሩን ቀለም ለይቼ፣ ስጨርስ እለቃታለሁ፤ ትጨፍራለች። መጀመሪያ ቀን እንዲህ ሳደርግ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይሄን የፈጠረውን ሰው እግዜር ይስጠው።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ አብዱልወሃብ ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው አብነት ላይ ሠላሳ ዓመት የሰፉ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ አንድ ሕግ አለ፤ መቀስ የሚይዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይለካሉ፣ በጠመኔ ያሰምራሉ፣ ይቀድዳሉ፤ እኛ የተቀደደውን እንገጥማለን። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ጠርዝ ስዘመዝምና ጥልፍ ስጠልፍ ኖሬያለሁ። ቅድ የማይችል ልብስ ሰፊ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል። ስንት ጊዜ "ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳን ልሞክር" ብያቸዋለሁ። "ሱፍ አበላሽተሽ ከማን ጋር ልታጣዪኝ ነው?" ይሉኛል።

ከፋሲካ በኋላ፣ በሰርግ ሰሞን፣ ጊፍቲ መጣች። ሜክሲኮ ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ ልደታ ማርያም ጀርባ ከአክስቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ለመልሷ የምትለብሰውን ጨርቅ እናቷ አምቦ ሆነው በእጃቸው ፈትለው ያሸመኑላት ነው፤ ሁለተኛ የለውም።

"የዚያ አዲሱ ክሊፕ ቀሚስ እንዲሆንልኝ ነው" አለች፤ የትኛው እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። "አንዲት አበባ እንዳትጎድልብኝ። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እወስዳለሁ፤ ሰኞ መልሴ ነው።" ጋሼ ለኳት፤ ሥራ ረፍዶባት ስለነበር ሮጣ ወጣች።

"የቱ ክሊፕ ነው?" አሉ ጋሼ ወደ እኛ ዞረው። ቴሌቪዥን አያዩም። እኔ ደግሞ አፌ መቼ አስችሎት፤ ኤምፒ ፎሬን ከኪሴ አወጣሁ።

"እኔ ጋ አለ፣ ጋሼ። ከላይ እስከ ታች ቆጥሬዋለሁ።"

ከዓይናቸው አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት፣ መለሱልኝ። "እኔ እዚህ ውስጥ ከጉንዳን በቀር አይታየኝም" አሉ። ከዚያ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ያየሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ቅደጂው። ልጅቱ ያዘዘችው ሆኖ ከወጣ ቀዳጅ ነሽ። ካልሆነ ግን ወደ ዝምዘማሽ ትመለሻለሽ፤ ሁለተኛ ይህን ነገር አታነሺብኝም።"

ያን ሳምንት እንዴት እንደኖርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በደስታ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር። መብራት በፈረቃ ስለነበር ባትሪዋ ስታልቅብኝ ቻርጀሩን ይዤ መብራት ያለበት ሰፈር ፍለጋ እሄዳለሁ፤ ልደታ ያለች አንዲት ፀጉር ቤት ውስጥ ሰክቼ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ከዚያ ተመልሼ ፖዝ፤ አንድ አበባ፤ ፖዝ፤ ሌላ አበባ። አበቦቹ ሞላላ ናቸው፣ እንደ እንቁላል። ከደረቷ ተነስተው እስከ ጫፉ ይወርዳሉ፤ ሃያ አንድ ናቸው። ቀሚሱም ከታች ጠበብ፣ ቀጠን ያለ ነው። ዘፋኟ ራሷ መለሎ ነች፤ "ምን በልታ ነው እንዲህ የቀጠነችው" እያልኩ እቀናባት ነበር። ሐሙስ ጨረስኩት። ጋሼ ስፌቱን ገልብጠው አዩ፤ ክር ጎተት አድርገው ሞከሩ፤ ምንም አላሉም። እሳቸው ምንም ካላሉ ተደስተዋል ማለት ነው።

ዓርብ ክር ልገዛ ሜክሲኮ ሄድኩ። አንድ ካፌ በር ላይ ሳልፍ ያ ዘፈን ተሰማኝና በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ትልቅ ቴሌቪዥን ነው፣ የግድግዳውን ግማሽ የያዘ። ዘፋኟ ትጨፍራለች። ክው አልኩ። ወፍራም ናት። ደልደል ያለች፣ ጉንጯ የሞላ ሴት። ቀሚሷ ከታች ሰፍቶ ይንሳፈፋል። አበቦቹ ደግሞ ክብ ናቸው። አንድም ሞላላ የለም፤ ሁሉም ድቡልቡል ክብ።

ክሩን ሳልገዛ ተመለስኩ። ታክሲ ልጠብቅ አልቻልኩም፤ በእግሬ ነው አብነት የደረስኩት። ቀጥታ ሙደሲር ሙዚቃ ቤት ገባሁ። ለሰፈሩ ሁሉ ዘፈንና ክሊፕ የሚጭነው እሱ ነው።

"ሙደሲር፣ ምንድን ነው የጫንክብኝ?"

"ምን ሆንሽ ደግሞ?" አለ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል። ነገርኩት። ሳቀ፤ ጉሮሮውን ላንቀው ነበር። "ክሊፑ ጎኑ ሰፊ ነው፤ የእናንተ ስክሪን ጠባብ ነው" አለኝ። "እንዳለ ብጭነው ከላይና ከታች ጥቁር ይሆናል። ሰው ያንን ጥቁር ሲያይ 'አበላሸህብኝ' እያለ ይጨቀጭቀኛል። ስለዚህ ከጎን ጨመቅ አደርገውና ሁሉ ነገር ቀጠን ብሎ ስክሪኑን ይሞላል። ለሁሉም የማደርገው እንደዚያ ነው። እስከ ዛሬ ያማረረ የለም።"

"ይኸው እኔ አማረርኩ።"

"አንቺማ ሁሌም ነው የምታማርሪው" አለ። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ላድርገው? ቀሚሱ ተቀድዷል። ጠቦ የተቀደደ ጨርቅ ተመልሶ ሰፊ አይሆንም። የእናቷ እጅ ያረፈበትን ጨርቅ ነው ያበላሸሁት፤ ይሄን ሳስብ ስለ ቀዳጅነቱ ለማዘን እንኳን አፈርኩ።

ዝም ብልስ ብዬ አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ጋሼ ፊቴን አይተው "ምን ሆነሻል?" ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መነጽራቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ።

"የሰው ጨርቅ ነው" አሉ። "ነገ ስትመጣ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እኔ አልነግርልሽም።"

ቅዳሜ ጊፍቲ ፊቷ ፈክቶ መጣች። ሌላ ደንበኛ፣ ጨርቅ ይዛ ተራ የምትጠብቅ ሴትዮም ነበረች። "ጊፍቲዬ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ" ስላት እሷ መች ሰማችኝ፤ ቀሚሱን ከእጄ ነጥቃ መጋረጃ ጀርባ ገባች። ለብሳው ስትወጣ እጇ ቀሚሱን እየዳበሰ ነበር። የማለቅስ መሰለኝ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። "እንደ ክሊፑ አይደለም። ተሳስቻለሁ።"

ፊቷ ተለወጠ። ቦርሳዋን ከፍታ አንዲት ጥቁር ኤምፒ ፎር አወጣች፤ ጥጓ ተሰንጥቆ በፕላስተር ታስራለች። ክሊፑን ከፈተች፣ ፖዝ አደረገች፣ ደረቷ አጠገብ ይዛ ጎንበስ እያለች መቁጠር ጀመረች። ሃያ አንድ ላይ ደርሳ ቀና አለች።

"ምኑ ነው ያልሆነው?"

ጠጋ ብዬ አየሁ። እዚያም ዘፋኟ መለሎ ነች። አበቦቹም ሞላላ።

"ማን ነው የጫነልሽ?"

"ሙደሲር ነዋ። ሌላ ማን አለ?"

"በቴሌቪዥን ሌላ ነው፣ ጊፍቲ። አበቦቹ ክብ ናቸው፤ ቀሚሱም ሰፊ ነው። ትክክለኛው ያ ነው።"

"አክስቴ ቤት ቴሌቪዥን የለም" አለች። "እጮኛዬም የለውም። እኛ ያየነው በዚህች ነው። ከሥራ ስንወጣ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆመን፣ አንዱን ማዳመጫ እሱ አንዱን እኔ። 'ይሄን ቀሚስ አንድ ቀን ትለብሽዋለሽ' ያለኝ እዚያ ወረፋ ላይ ነው።" ቀሚሱን እንደገና ዳበሰችው። "ክቡን ሠርተሽልኝ ቢሆን ኖሮ አልቅሼ ነበር የምመልስልሽ።"

እሷ ሳትሆን እኔ አለቀስኩ። እያለቀስኩም እስቃለሁ። አቅፋ ይዛኝ "ጥልፉ ላይ እንባሽን እንዳታፈሺብኝ" አለችኝ።

ተራ ትጠብቅ የነበረችው ሴትዮ ተነስታ ጊፍቲን ዞራ ዞራ አየቻት። "ጋሽ አብዱልወሃብ፣ እንዴት ያምራል! ማን ነው የቀደደው?" አለች።

ለዚህ ጥያቄ አምስት ዓመት ሙሉ ሲመልሱ ሰምቻቸዋለሁ፤ "እኔ ነኝ" ነው መልሳቸው። አሁን መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩና በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

"የቀደደችው እሷ ናት" አሉ። "ጨርቅሽን ለእሷ ስጫት።"

ሴትየዋ ጨርቋን ዘረጋችልኝ። ሜትሩን ከጋሼ አንገት ላይ አወረድኩና መለካት ጀመርኩ።