የሐዋ ዶሮዎች

ከይሪያ ፈሪድን አግብታ ከደሴ ዙሪያ ገጠር ወደ ከተማው፣ ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው ሰፈር በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል አቆሙ። አራት ነበሩ፦ ሁለት ቀይ፣ አንዲት ገብስማ፣ አንዲት ጥቁር። ከጫጩትነታቸው ያሳደገቻቸው ሐዋ ናት። ሐዋ የፈሪድ የመጀመሪያ ሚስት ነበረች፤ ባለፈው መስከረም ታመመች፣ ወሩም ሳይወጣ ሞተች።

ቤቱ የሌላ ሴት መሆኑን ከይሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀው ነበር። ሰሃኖቹ የተደረደሩት በሐዋ እጅ ነው። የበሩ መወርወሪያ እንኳ ለእሷ እንቢ ይላታል። ስለዚህ ዶሮዎቹ ሲያቆሙ አልገረማትም፤ ፈራች እንጂ።

ፈሪድ የሚሠራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ ወደ ደሴ የሚወጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ስትነግረው ጎንበስ ብሎ ጫማውን እየፈታ፣ «ሐዋን ለምደው ነው» አለ። ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። የሐዋ ስም ሲነሳ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ከዚያ ወዲያ ከይሪያ ዶሮዎቹን ማየት አበዛች። ሌሊቱ ነግቶ የጦሳ ተራራ ጉም ሰፈሩ ላይ ሲወርድ፣ አራቱም እህል መጫራቸውን ባንዴ ያቆማሉ። አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ። ከዚያ ተከታትለው ከአጥሩ ጥግ፣ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ይገባሉ። አንድ ቀን እሷም ሰማችው፤ ምላስ ከላንቃ እየተጋጨ ዶሮ የሚጠራበት ድምፅ። ቀስ ያለ፣ የሴት ድምፅ። በሩን ዘግታ በስልኳ ቁርኣን ከፈተችና ስልኩን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀመጠች።

የጎረቤቷ ልጅ ሩቲ የእንስሳት ጤና ረዳት ናት። ከይሪያ ድምፁን ደብቃ የእንቁላሉን ነገር ብቻ ነገረቻት።

«ሰፈሩ ዶሮዎቹ ሐዘን ላይ ናቸው ይላል አይደል?» ሩቲ ሳቀች። «በኢየሱስ ስም! የሞተ ሰው እንቁላል አያስቆምም። ዶሮ የሚያቆመው ውሃ ሲጠማው ነው፣ ሲደነግጥ ነው፣ ሲያረጅ ነው። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ላባውን ሲቀይር ያቆማል፤ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ላባው ይሄዳል። ማደሪያቸውን ነክተሻል?»

«ስጠርግ የሚጥሉበትን ካርቶን ወደ ጓዳ በር አዙሬዋለሁ።»

«አየሽ!» ሩቲ ጥቁሯን ይዛ ብብቷ ሥር ወሸቀቻት። ከጅራቷ በታች ያሉትን አጥንቶች በጣቶቿ ለካች። ፊቷ ግን ተለወጠ። ገብስማዋን ያዘች፤ እንደገና ለካች።

«ከይሪያ፣ እነዚህ አላቆሙም። አጥንታቸው ሰፍቷል፤ እየጣሉ ነው።»

«ታዲያ እንቁላሉስ?»

«እሱን እኔ አላውቅም» አለች ሩቲ።

በማግስቱ ከይሪያ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሻሿን አጥብቃ ወጣችና ከእንጨት ክምሩ አጠገብ ቆመች። ጉሙ አጥሩን ውጦታል። ድምፁ መጣ። ዶሮዎቹ በእግሯ ሥር አልፈው ሮጡ። ከዚያ በአጥሩ ሁለት አጣናዎች መካከል ነጭ ጨርቅ የለበሰ ነገር ገባ፤ እጅ ነው። እጁ ከክምሩ ኋላ ያለውን ገለባ ዳበሰና አንድ እንቁላል ይዞ ወጣ።

«አዑዙ ቢላህ!» አለች ጮክ ብላ። ከወዲያ ማዶም አንድ ሰው በድንጋጤ ሲተነፍስ ሰማች። ጂን አይደነግጥም ብላ አሰበች፤ ይህ ብቻ ነው እግሯን ያንቀሳቀሰው። በበሩ ዞራ ወጣች።

ነጭ ነጠላ የተከናነቡ አሮጊት አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። አይታቸው ባታውቅም ዓይናቸውን ለየችው። ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ ሐዋ የምታየው በዚሁ ዓይን ነው።

«አልሰረቅሁም» አሉ። «የልጄ ዶሮዎች ናቸው።»

የሐዋ እናት ኡሙሰልማ ነበሩ። ከይሪያ ክንዳቸውን ይዛ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሸኘቻቸው። አንድ ክፍል ቤት ነው። በሩ ሲከፈት ሽታው አፍንጫዋን መታት። አልጋው ሥር ሰፌድ ላይ፣ በጭድ መሃል፣ እንቁላል በእንቁላል ላይ ተደርድሯል። ከፊሉ ፈንድቶ ጠቁሯል።

«አይበሏቸውም እንዴ፣ እናቴ?»

«ምን በወጣኝ! የሐዋ ናቸው።» ኡሙሰልማ የያዙትን እንቁላል ከሌሎቹ አጠገብ አስተኙት። «ያን ጊዜ ትኩሳቱ ሲጠናባት እንቁላል አማረኝ አለች። ሄጄ ባይ አንዲትም የለም። አራቱም አቁመዋል። ነገ ይጥላሉ ልጄ፣ አልኳት። በነጋታውም ነገ አልኳት።»

ከይሪያ የሩቲን ወሬ አስታወሰች። «መስከረም ላይ ላባ ይቀይራሉ፣ እናቴ። ያኔ ሁሉም ዶሮ ያቆማል። የማንም ጥፋት አይደለም።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ጎረቤት ሄጄ መለመን እችል ነበር» አሉ።

 ከይሪያ እጅጌዋን ሰብስባ የተበላሹትን አውጥታ ከጓሮ ቀበረቻቸው። ቅዳሜ ለፈሪድ ሁሉንም ስትነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በበነጋው ግን ራሱ ሄዶ አማቱን በበሩ ይዟቸው ገባ። ዶሮዎቹን ይውሰዱ ሲላቸው እጃቸውን አርገበገቡ። «ቤቴ መጥተው ሲያቆሙ ልይ?»

ከይሪያም ካርቶኑን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ወዲያ ኡሙሰልማ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ከካርቶኑ አንዲት እንቁላል ያነሳሉ። ጥቂት ይዘዋት ይቆዩና ለከይሪያ ይሰጧታል።

መስከረም ሲጠባ ግቢው ላባ በላባ ሆነ። ዶሮዎቹ ተመላልጠው ጥግ ለጥግ ተሸጎጡ፤ በእውነት አቆሙ። ከይሪያ ለማንም ሳትናገር ሰኞ ገበያ ወረደችና እንቁላል ገዛች። ጠዋት አሮጊቷ ሳይደርሱ አንዷን ካርቶኑ ውስጥ አኖረች።

ኡሙሰልማ አነሷት። መዳፋቸው ላይ አገላበጧት።

«ቀዝቅዛለች» አሉ።

«ጉሙ ነው፣ እናቴ» አለች ከይሪያ።

ከማግስቱ ጀምሮ ሶላቷን ስትጨርስ፣ እንቁላሏን ጡቷ ሥር ወሽቃ፣ አሮጊቷ በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ታሞቃት ጀመር።