በሁለት ዳስ መሀል

ዘገየ የወጡን ድስት በሁለት እጁ እንዳቀፈ፣ የሀጂ አብዱረዛቅ ነጭ ፒክአፕ ከግቢው በር ላይ ሲቆም አየና ባለበት ቀጥ አለ። ወጡ ፈንጥቆ አውራ ጣቱን አቃጠለው።

"ምን ቆመሃል? ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!" አለው ህሩይ ከኋላው።

ህሩይ የሚስቱ የሳህሊቱ ታላቅ ወንድም ነው። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ዛሬ ልጁን የሚድር ባለ ድግስ። ዘገየ በዚህ ቤተሰብ ድግስ ተቀምጦ በልቶ አያውቅም። ዲግሪ ያላቸው ይቀመጣሉ፤ ከስምንተኛ ክፍል የቀረው ወጥ ያዞራል። "ዘገየ እኮ ቤተኛ ነው" ይላሉ። ቤተኛ ማለት ወንበር የማይሰጠው ሰው እንደሆነ ከገባው ቆይቷል።

"ሀጂን ማን ጠራቸው?" አለ ዘገየ።

"እኔ ነኛ! ልጃቸውን አስተምሬላቸዋለሁ። ታውቃቸዋለህ እንዴ?"

"ገለምሶ አያቸዋለሁ።"

"በል ሂድ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ።"

ዘገየ ድስቱን በአንድ ክንዱ አቅፎ በሌላው እጁ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ። የጭሮ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ኮሌታውን የዘጋ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ግቢው ውስጥ ሁለት ዳስ ተጥሏል። በግራ የክርስቲያኑ፣ በቀኝ የሙስሊሙ። በሬውም፣ አራጁም፣ ድስቱም ለየብቻ ነው። በዚህ ማንም አይከፋም። አብሮ ይዘፈናል፣ አብሮ ይሳቃል፤ ሥጋ ሲቀርብ ሁሉም ወደየዳሱ ይሄዳል። አንድ ሰው የየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ፣ እግሩ ወዴት እንደሚያመራ ማየት ይበቃዋል።

የዘገየ እግር ግን ሁለቱንም ለምዷል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ገለምሶ፣ ሀጂ አብዱረዛቅ ጫት ቤት ነው የሚሠራው። እዚያ ስሙ ዘይኑ ነው። ማንም አላስገደደውም። የተቀጠረ ዕለት ስሙን ሲጠይቁት ራሱ ነው ያለው። ጭሮ ውስጥ "የሳህሊቱ ባል" ሲባል የኖረ ሰው፣ በማያውቁት ከተማ እስቲ ሌላ ሰው ልሁን ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚኒባሱ መንገድ ላይ በዴሳ ከተማ ሲቆም ማተቡን ፈትቶ ኪሱ ይከታል፤ ሲመለስ እዚያው ያስረዋል። ሰላት ሲደርስ "እኔ ጫቱን ልጠብቅ" ብሎ ይቀራል። ምሳ ሲቀርብ ግን አብሮ ይበላል፣ ሥጋውንም። ሲገባ ጠጋ ጠጋ ተብሎ ቦታ ይለቀቅለታል። ያንን ቦታ ነው ማጣት የማይፈልገው። ሳህሊቱ ደግሞ ሥጋውን መብላቱን ብትሰማ ማዕድ ትለያለች።

ጠዋት ከልጁ ከሚካል ጋር ሽንኩርት ሲልጡ ነበር። ኮሌጅ ኮምፒውተር ትማራለች፤ ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆማ ስለምታስረዳው ነገር ትለማመድበት ነበር።

"ፖሊሞርፊዝም ይባላል አባባ፤ ብዙ መልክ እንደማለት ነው። አንድ ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ 'ድምፅ አሰማ' ብለህ። ውሻው ጋ ሲደርስ ይጮኻል፣ ድመቷ ጋ ሲደርስ ሚያው ትላለች። አዛዡ ማን እንደሚመልስ ማወቅ የለበትም።"

"እንደሱማ ጋሽ ህሩይም ያዛል።"

ሚካል ሳቀች። "ቢራቢሮም ላይ አለ። ዘራቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ወፍ እንዳይበላቸው መራራውን ቢራቢሮ ይመስላሉ። አስተማሪያችን ተረትም ጨምሮበታል፤ ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ የሚሆነውን ሰውዬ።"

"ጅብ ሆኖ ሳለ ሚስቱ ብታገኘውስ?"

"ተረቱ እዚያ ላይ ነዋ የሚያልቀው!"

ዘገየ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ሽንኩርቱ ነው። "ያ የሚታዘዘው ነገር ግን አይደክመውም? እምቢ ቢልስ?"

"ዕቃ እኮ ነው አባባ፣ ምን ይደክመዋል። መልስ ካልሰጠማ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።"

አሁን ድስቱን አቅፎ አንገቱን ደፍቶ ወደ ግራው ዳስ ተጣደፈ። አላመለጠም።

"ዘይኑ! አቦ ዘይኑ! ኮቱ፣ ና እዚህ!" ሀጂ ከቀኙ ዳስ አፍ ላይ እጃቸውን ያውለበልባሉ። "አንተም ተጠርተሃል? ምነው አትነግረኝም፣ በመኪና ይዤህ እመጣ ነበር!" ከጎናቸው ያለውን ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። "ሉባባ፣ ለዘይኑ ሳህን ስጪው።"

"ለማን?" አለች ሉባባ። የዘገየ የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ የሙስሊሙን ዳስ የምታስተናግደውም እሷ ናት።

"ለሱ! የኔ ሰው ነው።"

ዘገየ ሳያውቀው ሁለት እርምጃ ወደ ወንበሩ ቀርቦ ነበር። ሉባባ ድስቱን አይታ ጮኸች።

"ኧረ የሚካል አባት! የክርስቲያን ድስት ይዘህ ወዴት ነው? ሥራ በዝቶብህ ዳሱም ጠፋህ?"

ዙሪያው ሳቀ። ሀጂ አልሳቁም። ድስቱን አዩ፣ በዚያ ሙቀት የተቆለፈውን ኮሌታ አዩ። "የሚካል አባት?" አሉ ቀስ ብለው።

ዘገየ ድስቱን በሁለቱ ዳስ መሀል መሬት ላይ አስቀመጠ። ቁልፉን ፈታ። ጥቁሩ ክር ታየ።

"ስሜ ዘገየ ነው ሀጂ።"

"እኔ ሃይማኖትህን ጠይቄህ ነበር?"

"አልጠየቁኝም።"

"ጫት ትለያለህ ወይ ነው ያልኩህ። ሾፌሬ በላይነህ ክርስቲያን አይደል? ምሳውን ከራሱ ሰዎች ጋር በልቶ ይመጣል። ማን ምን አለው?"

"ማንም ምንም አላለውም።"

"እናቴ የታመመች ጊዜ ዱዓ አድርጉላት ብያችኋለሁ። አንተም አሚን ብለሃል።"

"ከልቤ ነው ያልኩት።"

"ማን ነበር ከልቡ ያለው?" አሉ ሀጂ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

ዘገየ ወንበሩን አየው። "ሰኞ ልምጣ?"

"የትኛችሁ?"

መልስ ሳይጠብቁ ፊታቸውን ወደ ትሪው መለሱ። ከጎናቸው ያለው ወንበር ባዶውን ቀረ።

ዘገየ ዞር ሲል ሳህሊቱን አያት። ጭልፋዋን ይዛ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

"ሥጋውንም ትበላ ነበር?" አለችው።

"እበላ ነበር።"

ጭልፋዋን ለሚካል ሰጥታ ገባች። ሚካል ጭልፋውን እንደያዘች አባቷን ታየዋለች። ጠዋት የጠየቃት ነገር አሁን የገባት ይመስላል።

"ዘገየ!" ህሩይ ከግራው ዳስ ወጣ። "ወጥ መሬት ላይ አስቀምጠህ ወሬ? ሰዉ እኮ ደረቅ እንጀራ ይዞ ተቀምጧል! አንሣ በል!"

ዘገየ ወደ ግራው ዳስ ገባ። ከሽማግሌዎቹ ጎን የህሩይ የራሱ ወንበር፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰው፣ ባለቤቱ ሲሯሯጥ ክፍት ሆኗል። አነሣው። ተሸክሞት ወጣና ከድስቱ አጠገብ፣ በሁለቱ ዳስ መሀል ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠበት።

"ምን መሆንህ ነው?" አለ ህሩይ። "አመመህ? ተነሣ እንጂ!"

ዘገየ አልተነሣም። ሳህን ያመጣለት የለም፤ ከየትኛውም ዳስ አልጠበቀም።

"ዘገየ! አንተን እኮ ነው!"

ዘፈኑ ቆመ። ግራው ዳስ ውስጥ ሰዎች ባዶ እንጀራቸው ላይ እጃቸውን እንደዘረጉ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። የድስቱ እንፋሎት ጠፍቶ ዝንብ መዞር ጀምሯል።

"ዘገየ!"

ኮሌታውን እንደከፈተ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።