ያልተከደነው ኮፈን

«እንቺ፣ አጥቤልሻለሁ» አለች ፋዱማ፣ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ለዲና እያቀበለቻት። «ለቀስተኛ በሚገባበት በረንዳ ላይ ዘይት የነካው ብረት ተዘርግቶ እንዴት ይሆናል? ቀብር ላይ ሳላችሁ በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት።»

ዲና ጣሳውን አየችው። የአባቷ ቡሎኖች፣ ትልቁም ትንሹም፣ አንድ ላይ ተደባልቀው ያብረቀርቃሉ። ተደርድረውበት የነበረው አሮጌ መጋረጃም ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ፋዱማ» አለች። ሌላ ምን ትበል? ጎረቤታቸው አባቷ ካረፈ ጀምሮ ጎኗን አላሳረፈችም።

አባቷ በቀለ ሞተሩን ከነጭ ፔጆው ያወረደው መኪናዋ በቁልቢ መንገድ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ስላስቆመችው ነበር። ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምኞቱ አንድ ነው፤ ሚስቱን ማዘንጊያን በገዛ መኪናው ቁልቢ ገብርኤል ማድረስ። «ዘንድሮ ጎማ በድንጋይ እያስደገፍን አንወጣም» ብሏት ነበር። እያንዳንዱን ቡሎን በአወጣጡ ተራ መጋረጃው ላይ እያስቀመጠ፣ ለዲና «የወጣበትን ካወቅሽ የሚገባበት አይጠፋሽም» ይላታል። ከዚያ አንድ ጠዋት ደረቱን ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ። ሞተሩ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አሮጌ ጎማ ላይ እንደተቀመጠ፣ ኮፈኑም እንደተከፈተ ቀረ።

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው የግቢያቸው የለቅሶ ድንኳን የተተከለው መኪናዋንም ኒሙንም መሐል አድርጎ ነው። ማዘንጊያ «እሱ ካቆማት አትነቃነቅም» ብላለች። ወንዶቹ በተከፈተው ኮፈን ዙሪያ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ብርጭቋቸውን የመኪናዋ ጎን ላይ ያስቀምጣሉ።

«በቀለ ዛሬም ሊያስገፋን ነው የሰበሰበን» አለ አንዱ የእድር ሰው። ሳቁ ገና ሳይወጣ ማዘንጊያን አዩና ወደ ሻያቸው አቀረቀሩ።

በሰልስቱ ማዘንጊያ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ተናገረች። «የእሱን ዓይን በእጄ ከድኛለሁ። የዚህችን አፍ ማን ይዝጋልኝ? ድንኳኑ ሳይነሳ ሞተሯ ይግባላት።»

«ኮፈኑን እንክደነውና፣ ሌላ ቀን ከጋራዥ ሰው አምጥተን…» አለ ከእድሩ ሰዎች አንዱ።

«ባዶ ሆድ አይከደንም። ደግሞስ እሱ ጋራዥ አስገብቷት ያውቃል?»

ሁሉም ወደ ሙመድ ዞረ። ሙመድ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እሑድ እሑድ ግን ከበቀለ ጋር ከዚህች መኪና ሥር አይጠፋም ነበር። ኮቱን አውልቆ ተነሳ፤ በቀለ ሞተሩን ያወረደበትን፣ ኒሙ ላይ የተንጠለጠለውን ሰንሰለት ይስብ ጀመር። ሞተሩ ከጎማው ላይ ቀስ እያለ ተነሳ። መኪናዋን ገፍተው ከሥሩ አደረጓት።

ዲና ማንም ሳይጠራት ሄዳ መዳፏን ሞተሩ ላይ አኖረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሥራዋ ይኼ ነው። «አትግፊው» ይላት ነበር አባቷ፣ «እጅሽን ብቻ ጣል አድርጊበት፤ ሰው እንዳለው ይወቅ።»

ሞተሩ ወደ መኪናዋ ሆድ ወረደና ጣት በማታህል ክፍተት ከካምቢዮው ጋር አልገጥም አለ። ሙመድ ሰንሰለቱን ትንሽ ሳበ፣ ትንሽ ለቀቀ።

«ይሄኔ ምን ያደርግ ነበር?» ሲል ዲናን ጠየቃት።

«ከሥር ይገባ ነበር፣ ጋሽ ሙመድ።»

«ከሥር ገብቶስ?»

«አላየሁም። እጄ እዚህ ነበር።»

ሙመድ ላቡን በክንዱ ጠረገ። «እኔም ዓይኔ ሰንሰለቱ ላይ ነበር። አቦ፣ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁም፣ ወላሂ።»

ከእድሩ ሰዎች አንዱ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ቡሎን ጠየቀ። ፋዱማ ጣሳውን ይዛ ሮጠች። አንዱ ረዘመ፣ አንዱ ቀጠነ፣ አንዱ ጥርሱ አልያዘም። ፋዱማ ገመዱ ላይ ያለውን መጋረጃ ቀና ብላ አየችና ወደ ዲና ጠጋ አለች።

«ተራ ነበራቸው እንዴ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«አልነበራቸውም» አለች ዲና።

ሰውየው ከሥር ወጥቶ አቧራውን አራገፈ። ሙመድ ሰንሰለቱን እየሳበ ሞተሩን መልሶ አወጣው። ድንኳኑ ሳቢያን ሰፈር ሌላ ለቅሶ ቤት ይፈለግ ስለነበር፣ የእድሩ ሰዎች ማዘንጊያን እየተሳቀቁ ገመዱን ይፈቱ ጀመር። ሸራው ተገፎ ሲወርድ የድሬ ፀሐይ በአንዴ ግቢውን ሞላው፤ ነፋስም ገብቶ ሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሞተር ነካ አደረገው።

«ይወዛወዛል» አለች ማዘንጊያ፣ ቀና ሳትል።

ዲና ሄዳ መዳፏን አኖረችበት። ሞተሩ ረጋ። ኒሙ ቅጠሉን በተከፈተው ኮፈን ውስጥ ያራግፋል። ሙመድ የሰንሰለቱን ጫፍ ግንዱ ላይ አጥብቆ አሰረ።

«በቃ ልጄ፣ ልቀቂው። አይወድቅም» አላት።

ፀሐይዋ ብረቱን ማጋል ጀምራለች። ዲና እጇን አላነሳችም።